ከአለታ ወንዶ የመጣ ቡና ቤቴ ውስጥ ለምን ነጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር። ጥያቄዬ ስለ ቡና ነው።

አጎቴ አለታ ወንዶ ትንሽ የቡና ማሳ አለው። ጥር ላይ አሥር ኪሎ ጥሬ ቡና ላከልኝ። የታጠበ ቡና ነው፣ ማለትም እሸቱ ትኩስ ሳለ ተፈልፍሎ፣ በውኃ ታጥቦ የደረቀ። ሲመጣ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ፍሬው አንድ ዓይነት፣ ሽታው እንደ ደረቀ ሣር ደስ የሚል ነበር። ምጣድ ላይ ሲያርፍ ጎረቤት ሁሉ በሽታው ይመጣ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ሌላ ቡና ሆነ። ቀለሙ ነጣ። ጥሬው ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ቆልቼ ሳፈላው ምሬቱ አለ፣ ቃናው የለም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ከይርጋለም መጣች። አቦሉን ቀዳሁላት። አንዴ ፉት አለችና ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው። ምንም አላለችም። እናቴ ስኒ ውስጥ ቡና አስተርፋ አታውቅም። ይህን ያስጻፈኝ ያ ዝምታዋ ነው።

ቡናውን ያስቀመጥኩት በመጣበት ማዳበሪያ ነው። አፉን አስሬ፣ ወጥ ቤት ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ። ጥፋቱ የቡናው ነው ወይስ የእኔ? ጥሬ ቡና ስንት ወር ይቆያል? አሁን አዲስ ልግዛ ብልስ ገበያ ላይ ጥሩውን የሲዳሞ ቡና በምን ልለየው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ይህን የጻፍኩት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። መልሱ ሃያ አልፏል። ብዙ ስለሆነ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት በተራ ቁጥሩ እያነሳሁ ላስቀምጠው። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የያዝኩት። በመሃል የራሴንም እላለሁ።

ቁጥር 1 ላይ የመለሰችው እህት ምክር አልሰጠችም፣ ሐዘኔን ተካፈለች። አማቷ ከይርጋጨፌ የላኩላት ቡና አምና እንደዚሁ ሆኖባት ነበር። እሷ ግን የተለወጠባት መንገድ ላይ መስሏት ያመጣውን ሹፌር ለወራት ስትጠረጥር ከርማለች። የእኔን ስታነብ ነው የሰውየውን ንጽሕና የተረዳችው። ይቅርታ ልትጠይቀው እንደምትደውልም ጽፋለች።

ቁጥር 2 ትልቁ መልስ ነው። የጻፉት ሰው በቡና መጋዘን ብዙ ዓመት ሠርተዋል። በቅድሚያ ልቤን አሳረፉት። ከነገርኳቸው ቀለምና ሽታ ቡናው ሲመጣ ጥሩ እንደነበረ አወቁ። ቀጥለው በትሕትና ጥፋቱ የመደርደሪያዬ እንደሆነ አስረዱኝ። ጥሬ ቡና ዘር ነው። አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይስባል፣ አየሩ ሲደርቅ ይለቃል። በደንብ የደረቀ ቡና ውስጡ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል እርጥበት ይኖረዋል። የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት ለውጭ ንግድ ያስቀመጠው ጣሪያም 12.5 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል።

የእኔ ማዳበሪያ የተሸመነ ስለሆነ ይተነፍሳል። ቤቴ ደግሞ ሐይቅ አጠገብ ነው፣ ወቅቱ ክረምት ነው። ቀን ምድጃው ቡናውን ያሞቀዋል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እንዲህ እየሞቀና እየቀዘቀዘ፣ እርጥበት እየጠጣና እየለቀቀ ሲከርም ቀለሙ ይነጣል፣ ጠረኑም ይሞታል። እኚህ ሰው እንዳሉት ቀዝቀዝ፣ ደረቅና ጨለም ባለ ቦታ ቢቀመጥ ጥሬ ቡና ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ቃናውን ይዞ ይቆያል። ላኪዎች ለጥሩ ቡና ከጆንያው ውስጥ ግሬይንፕሮ የሚባለውን አየርና እርጥበት የማያሳልፍ ከረጢት ይጨምራሉ። ለቤት ክዳኑ ግጥም የሚል እቃ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አከሉ። እሱን ደምቆ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ። በደንብ ያልደረቀ ቡና አየር በማያስገባ እቃ ከተዘጋበት ውስጥ ለውስጥ ይሻግታል። ሻጋታው ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተ ቡና ቆልቶ ማለፍ አይቻልም፣ ይጣላል። መድረቁን ለማወቅ ፍሬውን በጥርስ ነከስ ማድረግ ነው። የጥርስ ምልክት የሚቀበል ከሆነ ገና እርጥብ ነው። በደንብ የደረቀ ጥርስ አያስገባም።

ቁጥር 3 የበንሳ ልጅ ነው። አባቱ ቡናውን ፈልፍሎ አያስቀምጥም፣ በጀንፈሉ ነው የሚያኖረው። ቀይ እሸቱን ከነሥጋው አድርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ያከርመዋል። የልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ወይም ሰው ሲታመም ያህሉን ይፈለፍላል፣ ይሸጣል። ቤት ለሚጠጣውም ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ሙቀጫ ውስጥ ይወቅጣል። ደረቁ ልጣጭ ፍሬውን እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። ልጁ በእሱ ቤት ክረምት የበላው ቡና እንደማያውቅ ጻፈ። ቁጥር 2 ላይ የጻፉት ሰው ተመልሰው ሐሳቡን ደገፉ። ግን ጀንፈል ለደረቅ ቡና፣ ከነሥጋው ለሚደርቀው ብቻ እንደሚሆን አስታወሱ። እንደ እኔው የታጠበ ቡና እሸቱ ገና ትኩስ ሳለ ስለሚፈለፈል ጀንፈል የለውም። እሱም ግን ቀጭን ገለባውን እንደለበሰ ቢቀመጥ ገለባው ከተነሳለት ይልቅ ይቆያል።

ቁጥር 4 ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው የሚል ነው። አጭርና ቅን ምክር። እኔም ወዲያው ላደርገው ነበር፣ ቁጥር 5 ባይደርስልኝ። ቁጥር 5 የጻፈችው ልጅ የምግብ ሳይንስ የተማረች ናት። ፍሪጅ ውስጥ እርጥበት አለ። ከእርጥበቱ በላይ ሽታ አለ። ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ቅቤ፣ ሽንኩርትና ከትናንት የተረፈ ወጥ አጠገብ ያደረ ቡና እነሱን ይዞ ይወጣል። የተቆላ ቡና ለብዙ ጊዜ ማቆየት የግድ ከሆነ ፍሪዘር ይሻላል ትላለች። ያውም በአንድ ጊዜ የሚፈላውን ያህል እየከፋፈሉ፣ አየሩን አስወጥቶ ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ። ከፍሪዘር የወጣው ደግሞ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አይከፈትም። ቀዝቃዛ ሆኖ ከተከፈተ ከአየሩ ውኃ ያልብበታል። መብራት እየጠፋና እየመጣ ላለበት ቤት ግን ይህም አይሆንም፣ ምክንያቱም ቡናው ሲቀልጥና ሲቀዘቅዝ ይበላሻል። ሰፈሬን የምታውቅ ይመስል ነበር።

ቁጥር 6 ስለ ሽታ የተጻፈውን ሲያነብ የራሱን ታሪክ አመጣ። ውጭ አገር ላለች እህቱ ሁለት ኪሎ የተቆላ ቡና ልኮ ነበር። ሻንጣው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና የገላ ሳሙና አብረው ነበሩ። እህቱ ጓደኞቿን ሰብስባ አፈላችላቸው። ቡናው ሳሙና ሳሙና አለ። በስልክ እያለቀሰች ነው የነገረችው። አገሩን የናፈቀ ሰው ያ ስኒ ምን እንደሆነበት ይገባኛል። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ ገበያ ስወጣ ቡናና ሳሙና በአንድ ዘንቢል አልይዝም።

እዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋ ቋንቋ ነበር። ቁጥር 7 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ጥያቄዬን ትቶ አጠራሬን ያዘ። ሐዋሳ ተቀምጬ ሲዳሞ ማለቴ አስቆጥቶታል። ሕዝቡ ሲዳማ ነው፣ ክልሉም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ስሙ ቆሟል። ሲዳሞ የሚለውን አጠራር ብዙ ሰው እንደ ስድብ ይሰማዋል። ቁጥር 8 ከሱ ባሰ። እኔን አዋቂ መስላ የምትጽፍ እንግዳ አደረገኝ። እናቴ ይርጋለም እንደምትኖር ያነበበው አልመሰለኝም። ሌላ ሰው ገብቶ ታዲያ ቡናው ውጭ አገር ለምን በሲዳሞ ስም ይሸጣል ብሎ ጠየቀ። ለእሱ መልስ የሰጡት ቁጥር 2 ናቸው። የድሮው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሰፊ ነበር፣ ጌዴኦን፣ ቦረናንና ወላይታን ይይዝ ነበር። ስሙ በቡና ንግድ ውስጥ ቀረ። መንግሥትም ሲዳሞን፣ ይርጋጨፌንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ውጭ አገር አስመዘገባቸው።

እኔ በቁጥር 7 አልተቀየምኩም። ከልጅነቴ ነጋዴ ሲጠራው የሰማሁትን ነው የጻፍኩት፣ ያ ግን ሰው እንዲከፋው ምክንያት አይሆንም። እዚያው ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ከዚህ በኋላም ሲዳማ ነው የምለው። የቁጥር 8ን አነጋገር ግን አልወደድኩትም። እሱንም ለራሱ ነግሬዋለሁ።

ቁጥር 9 ጥያቄዬን መለሰችልኝ። ሐዋሳ አሮጌ ገበያ በሚባለው ቦታ ቡና የምትሸጥ እናት ናት፣ ልጇ ነው የሚጽፍላት። ስለ መምረጥ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አንብቤ አላውቅም። ከሁሉ በፊት ቡና የሚገዛው በቀን ብርሃን ነው፣ መብራት ሥር ሁሉም ቡና ቆንጆ ነው። ናሙናውን ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አትዝገኚ፣ እጅሽን ሰድደሽ ከውስጥ አውጪ ነው ምክሯ። ከዚያ ሰፌድ ላይ ዘርጋ ማድረግ ነው። የታጠበ ቡና ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ሲያደላ አዲስ ነው። ደረቅ ቡና ቢጫ ወይም ቡናማ ቢመስል ተፈጥሮው ነው፣ ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያስደነግጠው መዥጎርጎሩ ነው። ነጭ፣ ቡናማና አረንጓዴ አንድ ላይ ካዩ አሮጌና አዲስ ተደባልቋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ለቀማ። ጥቁር ፍሬ ይወጣል። ነቀዝ የበሳው ይወጣል። ሽርፍራፊው ይወጣል፣ ምክንያቱም ምጣድ ላይ ከሌላው ቀድሞ ያርና ጀበናውን በሙሉ ያመርረዋል። ቀላ ብሎ ቡናማ የሆነና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ደግሞ ሲታጠብ ከልክ በላይ የተብላላ ነው። እሱ አንድ ፍሬም ቢሆን ይበቃዋል፣ ሙሉ ጀበና ያበላሻል። ከቆሉ በኋላም አንድ ለቀማ አለ፣ እሱን እኔ አላውቀውም ነበር። ሌላው ሲጠቁር ገርጥቶ የሚቀር ፍሬ ሳይቀላ አረንጓዴ እያለ የተለቀመ ነው። ቃናውን ያበላሻልና ይወጣል።

ሽታውን በመዳፍ አፍኖ፣ ትንፋሽ ሰጥቶ ማሽተት ነው። ጆንያ፣ አፈር ወይም ላምባ ከሸተተ ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። ድምፅም አለው። በደንብ የደረቀ ቡና ከእጅ ወደ ሰፌድ ሲወርድ ይንኮሻኮሻል፣ እርጥቡ ዝም ይላል። የተለቀመበትን ዓመት መጠየቅ ነውር እንዳልሆነም አከለችልን። እኛ አካባቢ ለቀማው በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መስከረም ላይ አዲስ ቡና ነው የሚል ሻጭ ካጋጠመ የአምናውን እየሸጠ ነው። በመጨረሻም ቤት ውስጥ ጥሬ ቡና የሚታጠበው ሊቆላ ሲል ነው። አጥቦ ማስቀመጥ ሻጋታን መጋበዝ ነው።

እኔ ይህን አንብቤ የተረፈኝን ቡና ሰፌድ ላይ ዘረጋሁት። ጥቁርም የተበሳም አልነበረበትም። አጎቴ አንድ በአንድ አስለቅሞ ነው የላከልኝ። ያን ስኳር የመሰለ ቡና ምድጃ ላይ ሰቅዬ ገደልኩት። ከልቤ አዘንኩ።

ቁጥር 10 ትልቅ ፍሬ ምረጪ አለኝ፣ ትልቅ ፍሬ ሁልጊዜ ጥሩ ነው በሚል። ቁጥር 11 ቡና አብቃይ ነው፣ ይህን በጥብቅ አረመ። በሲዳማና በጌዴኦ ኩሩሜ የሚባል ዓይነት አለ፣ ፍሬው ትንሽ ነው። ወሊሾ ደግሞ ትልቅ ነው። ሁለቱም የከበሩ ናቸው። ኩሩሜን በትንሽነቱ የናቀ ሰው ከጥሩ ቡናችን ግማሹን ናቀ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ታሪክ ገባ። በአውሮፓውያን 1971 የቡና በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ አጠቆረው። ጅማ ያሉ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከጫካና ከገበሬ ማሳ መረጡ። ዛሬ 74110 እና 74112 የምንላቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። 74 የተመረጡበት የአውሮፓ ዓመት ነው። የእነሱም ፍሬ ትንሽ ነው፣ ሲዳማ ውስጥም በብዛት ይበቅላሉ። መጠኑ ሳይሆን እኩልነቱ ነው የሚታየው። ትንሽና ትልቅ ከተደባለቀ ትንሹ ሲያርር ትልቁ ጥሬ ይቀራል። ቁጥር 10 ተመልሶ አመሰገነው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

ቁጥር 12 ላይ እሳቱ ተነሳ። ጸሐፊው ሐዋሳ ገበያ የሚሸጠው ቡና በሙሉ ውጭ አልቀበልም ያለው ትራፊ እንደሆነ ጻፈ። ነጋዴውን ሁሉ አጭበርባሪ አለ። ቁጥር 13 ያቺው የአሮጌ ገበያ እናት ናት። በልጇ እጅ የመጣው መልስ ከባድ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ጆንያ ተሸክማ፣ ለቅማና አበጥራ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰውየው ገበያዋ መጥቶ ሰፌዷን እንዲያይ ጋበዘችው። ካላመነ ገንዘቡን ይዞ እንዲመለስ፣ ካመነ ግን ስሟን ያጠፋበትን ጽሑፍ እንዲያነሳ ጠየቀች። ሁለት ሦስት ሰዎች ለእሷ ወገኑ፣ አንዱ ለእሱ። ስድብ ያለበትን አንድ መልስ ራሴ እንዲነሳ ጠይቄ ተነስቷል። ለዚህ ነው ከ13 ወደ 15 የምዘለው።

ቁጥር 15 ነገሩን አቀዘቀዘው። የጻፈው ልጅ ስለ ሕጉ ያውቃል። ቁጥር 12 ያነሳው ነገር መነሻ እንዳለው አልካደም። ለረጅም ጊዜ ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክል ነበር፣ አዋጅ ቁጥር 602/2000ን ጠቅሶ ነው ያስረዳው። ለአገር ውስጥ የሚቀርበው ከደረጃ በታች የሆነው ነበር። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ ቡና በእሱ በኩል ማለፍ ጀመረ፣ ሐዋሳም መጋዘን አለው። ግን ከዚያ ተነስቶ የሚሸጠው ሁሉ ትራፊ ነው ማለት አይቻልም። ገበሬ ለቤቱ የሚያስቀረው፣ ለዘመድ የሚልከው ቡና አለ። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ከደረጃ በታች የተባለም ቢሆን በጥንቃቄ ከተለቀመ የሚጠጣ ቡና ይወጣዋል።

ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። ቡናውን የምናበቅለው እኛ ሆነን ጥሩውን ሳንቀምስ መኖራችን ያሳዝነኛል። ጥፋቱን ጎህ ሳይቀድ በምትነሳ ሴት ላይ መጫን ግን ትክክል አይደለም። ቁጥር 16 ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና መሆኑን አስታወሰ። ቁጥር 7 ለዚህኛው አጨበጨበ። ኩርፊያው እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለኛል።

ከቁጥር 17 ጀምሮ ወሬው ወደ ተቆላ ቡና ዞረ። ቁጥር 17 ካፌ ውስጥ ባሪስታ ነው። ጥሬ ቡና በወር ከተቆጠረ የተቆላ ቡና በቀን ይቆጠራል። ሲቆላ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከሱ ጋር ጠረኑም ይሄዳል። አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት አራቱ ጠላቶቹ ናቸው። መስኮት ላይ በብልቃጥ የተቀመጠ የተቆላ ቡና ለዓይን ያምራል፣ ብርሃኑ ግን ይጎዳዋል። ጥቁር ወይም ብርሃን የማያሳልፍ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ እቃ ምረጡ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ቁሉ ይላል። እሱ ለማሽን የሚሆነውን ቡና ከቆላ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ያሳርፈዋል። ጋዙ ያልወጣለት ቡና ማሽን ላይ አስቸጋሪ ነው።

ቁጥር 18 ይህ አልተዋጠላትም። አያቶቻችን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ወዲያው አፍልተው ነው የጠጡት፣ ማሳረፍ የሚባል ነገር ከየት መጣ ብላ በቁጣ ጠየቀች። ልጁ በትዕግሥት መለሰላት። ጀበና ውስጥ ቡናው ስለሚንተከተክ ጋዙ እዚያው ይወጣል፣ የአያቶቻችን አሠራር ለጀበና ትክክል ነው። ማሽን በግፊትና በሰከንዶች ስለሚሠራ ነው እረፍት የሚያስፈልገው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። እኔ ለራሴ የወሰድኩት የተፈጨ ቡና እንዳላስቀምጥ ነው። ዘነዘናው ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ከስኒው እየወጣ ያለ ሽታ ነው። ከዚህ በፊት የሳምንቱን አንድ ጊዜ አስፈጭቼ አስቀምጥ ነበር። ትቻለሁ።

ቁጥር 19 የተፈጨ ቡና ከገበያ ለሚገዛ ሰው የቤት መፈተኛ አመጣ። ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ትንሽ መነስነስ ነው። ንጹሕ ቡና ላይ ላዩን ይቆያል፣ ገብስ ወይም ሽምብራ የተቀላቀለበት ቶሎ ይሰምጣል፣ ውኃውንም ያጠይመዋል። ቁጥር 5 ያቺ የምግብ ሳይንስ ልጅ ይህን ቶሎ እንዳናምን ጠየቀች። በጣም የላመ ወይም የከረመ ቡናም ሊሰምጥ ይችላል። ጥርጣሬ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ፍሬውን ገዝቶ ቤት መፍጨት ግን ይህን ሁሉ ጭንቀት ይገላግላል።

ከ20 እስከ 22 ያለው ስለ ጨው ነው። አንዱ ገጠር አያቱ ቡና ውስጥ ጨው እንደሚጨምሩ አነሳ፣ ሌላዋ ቅቤ ጨመረችበት፣ ሦስተኛው ጤና አዳም ያላደረገ ቡና አልጠጣም አለ። ስኳር የሚጨምሩ ሰዎች ተነቀፉ። እኔ ስኳር እጨምራለሁ፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ቁጥር 23 ወደ ጉዳዩ መለሰን። የጻፈችው መምህርት ናት። ይህ ሁሉ ወሬ ከሚቀር አንድ ሰው ይሞክረውና ያሳውቀን አለች። አንድ ዓይነት ጥሬ ቡና ተገዝቶ ሦስት ቦታ ይከፈል። አንዱ እንደ በፊቱ በማዳበሪያ ከምድጃ በላይ፣ አንዱ በጨርቅ ከረጢት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ክዳኑ ግጥም ባለ እቃ ከወለል ከፍ ብሎ ቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ። ክረምቱ ሲያልፍ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ፣ በአንድ ጀበና ተራ በተራ ይፈላ። ጠጪው የትኛው የት እንደነበረ አይነገረው።

እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ገበያ ሄጄ ያቺን እናት ፈልጌ አገኘኋት። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ስነግራት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ሦስት ኪሎ የታጠበ ቡና ከውስጥ ዘግና፣ ሰፌድ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ነከስኩት፣ ጥርስ አላስገባም። ቤት ወስጄ እኩል እኩል ከፈልኩት፣ ቀኑን ጽፌ ለጠፍኩበት። ቀማሿ እናቴ ናት፣ ለመስቀል ትመጣለች።

ትናንት ማታ ቁጥር 24 ገባ። የበንሳው ልጅ ነው፣ ቁጥር 3። የአባቱ ጀንፈል ከሙከራው መቅረቱ ቅር አሰኝቶታል። ከአንድ ቡና ስላልመጣ ከሦስቱ ጋር በእኩል እንደማይወዳደር ራሱ አመነ፣ ግን ለብቻው እንዲቀመስ ለመነኝ። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የላከውን ሁለት ኪሎ ተቀበልኩ። ደረቅ ነው፣ ሲነቀነቅ ፍሬው ልጣጩ ውስጥ ይንኳኳል። ምድጃው ካለበት ክፍል አርቄ፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ እንጨት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሙቀጫ የለኝም። ሐዋሳ ውስጥ ጥሩ የእንጨት ሙቀጫ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ንገሩኝ።